የዜሮ ክፍል ጥያቄ፦ የተሻለው መምህር ለማን ይመደብ?

በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲገለጽ ወላጁም መምህሩም ደነገጠ። በተከታዩ ዓመት ውጤቱ 3.2 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተደረገው ክርክር በአመዛኙ የሚያጠነጥነው በፈተናው አሰጣጥ፣ ቀድሞ በነበረው ኩረጃና በሁለተኛ ደረጃ መምህራን ብቃት ላይ ነው። እነዚህ ሁሉ መነጋገሪያ ሊሆኑ ይገባል። ሆኖም በ12ኛ ክፍል የታየው ውድቀት የብዙዎቹን ልጆች የመጀመሪያዎቹን ሁለትና ሦስት የትምህርት ዓመታት ሳይመለከቱ ሊገባ የሚችል አይመስለኝም።

በ2002 ዓ.ም. በስድስት ቋንቋዎች በተካሄደ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ ያህሉ ለክፍላቸው ከተዘጋጀች አጭር ታሪክ ውስጥ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። እነዚያ ልጆች ሳይደግሙና ሳያቋርጡ ቢቀጥሉ 12ኛ ክፍል የሚደርሱት በ2012 ነው። ውጤታቸው ያስደነገጠን ወጣቶች እንግዲህ የእነርሱ ታናናሾች ናቸው። የዓለም ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ግምት ደግሞ በኢትዮጵያ አሥር ዓመት ገደማ ከሆናቸው ልጆች ከአሥሩ ዘጠኙ ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት አይችሉም።

ይህ ጉድለት በሁሉም ልጅ ላይ እኩል አይወርድም። ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ የሁለት መምህራን ልጅ የሆነችን ሕፃንና ከከተማዋ የግማሽ ቀን መንገድ ርቃ፣ ከብት በሚጠብቁ ወንድሞቿ መካከል ያደገችን ሕፃን ጎን ለጎን እናስብ። ሁለቱም ሰባት ዓመት ሞልቷቸው በመስከረም አንደኛ ክፍል ይገባሉ። የመጀመሪያዋ ሦስት ዓመት ኬጂ ቆይታለች፤ ስሟን ትጽፋለች፤ መጽሐፍ ከየት ወደ የት እንደሚገለጥ ታውቃለች፤ ጥያቄ ስትጠየቅ መልስ መስጠት ለምዳለች። ሁለተኛዋ ብዙ የምታውቀው ነገር አለ፤ የእህልን ዓይነት ከቅጠሉ ትለያለች፣ ጥጃ ታስራለች፣ ታናሿን ታዝላለች። እርሳስ ግን ይዛ አታውቅም። ሁለቱን የሚቀበላቸው መጽሐፍ አንድ ነው፣ የተጻፈውም እንደ መጀመሪያዋ ላለች ልጅ ነው። በኅዳር ወር ሁለተኛዋ ልጅ ከክፍሉ ኋላ ተቀምጣ ዝም ትላለች፤ በሚያዝያ ደግሞ መምጣቷን ትተዋለች። ከየትኛውም ክፍል ይልቅ ብዙ ልጅ ሲያቋርጥ የኖረው ከአንደኛ ክፍል መሆኑ በአጋጣሚ የሆነ ነገር አይደለም።

ልጅን ከመደበኛው ትምህርት በፊት ማዘጋጀት ለእኛ ባዕድ ሐሳብ አይደለም። የቄስ ትምህርት ቤትና የቁርኣን ቤት አራትና አምስት ዓመት የሞላውን ልጅ ለዘመናት ሲቀበሉ ኖረዋል። በዘመናዊው መልክ መዋዕለ ሕፃናት የተጀመረው በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በድሬዳዋ፣ በምድር ባቡሩ ሥራ ላይ ለነበሩ ፈረንሳውያን ልጆች ነበር ተብሎ ይነገራል። በንጉሡም ሆነ በደርግ ዘመን መስፋፋቱ ከከተማና ከአንዳንድ የገበሬ ማኅበራት ብዙም አልዘለለም። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የቅድመ መደበኛ ትምህርትን ዓላማ ቢገልጽም ሥራውን በተግባር ለግል ባለሀብቶች፣ ለሃይማኖት ተቋማትና ለበጎ አድራጊዎች ተወው። ውጤቱ የሚጠበቅ ነበር፤ ክፍያ የሚችል ወላጅ ባለበት ኬጂው ተከፈተ፣ በሌለበት ሳይከፈት ቀረ። ከ1994 ዓ.ም. አንስቶ የኢትዮጵያን ልጆች ዕድገት ሲከታተል የቆየው የያንግ ላይቭስ ጥናት በከተማ ከሚኖሩት ልጆች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቅድመ መደበኛ ትምህርት አግኝተው ሳለ በገጠር ግን ከሃያ ልጆች አንድ እንኳ እንዳልሞላ አሳይቷል። በዚህ ጥናት ላይ የሠሩት ፕሮፌሰር ጣሰው ወልደሃናና ባልደረቦቻቸው መዋዕለ ሕፃናት የገቡት የከተማ ልጆች በኋላ በቋንቋና በሒሳብ ከሌሎቹ እንደሚበልጡ ጽፈዋል። ሀብት ያመጣው ልዩነት እንዲህ ገና በስድስት ዓመት ዕድሜ የትምህርት ልዩነት ይሆናል።

መንግሥት ይህን ለማስተካከል እርምጃ የወሰደው በ2002 ዓ.ም. ነው። የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ ያወጡት የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ብሔራዊ ፖሊሲ ማዕቀፍ ከፅንስ ጀምሮ እስከ ሰባት ዓመት ያለውን ዕድሜ እንደ አንድ ሥራ የሚያይ ነበር። ከዚህ በኋላ በየቀበሌው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ለስድስት ዓመት ልጆች የአንድ ዓመት ዝግጅት የሚሰጥበት ኦ ክፍል፣ ሕዝቡ ዜሮ ክፍል የሚለው፣ መከፈት ጀመረ። ትልልቅ ተማሪዎች ታናናሾቻቸውን በጨዋታ የሚያስተምሩበት «ከልጅ ለልጅ» የተባለው ዘዴም ተጨመረበት። በ2002 ዓ.ም. 5 በመቶ ገደማ የነበረው የቅድመ መደበኛ ተሳትፎ በ2008 ዓ.ም. ወደ 50 በመቶ ተጠጋ። በስድስት ዓመት ውስጥ ይህን ያህል መስፋፋት በሌላ አገርም በቀላሉ የሚገኝ አይደለም፤ በዚህ ሥራ የደከሙት የወረዳ ባለሙያዎችና ርዕሳነ መምህራን ምስጋና ይገባቸዋል።

ይሁን እንጂ ቁጥሩ ሲያድግ ክፍሉ ውስጥ ያለው ነገር አብሮ አላደገም። ብዙው ዜሮ ክፍል የሚገኘው ትምህርት ቤቱ ከተረፈው ክፍል በአንዱ፣ አንዳንዴም መጋዘን በነበረ ቤት ውስጥ ነው። ልጆቹ በድንጋይ ወይም በግንድ ላይ፣ ባስ ሲልም መሬት ላይ ይቀመጣሉ። የምታስተምራቸው ብዙ ጊዜ አሥረኛ ክፍል ያጠናቀቀች የአካባቢው ወጣት ናት፤ ማዕረጓ አመቻች እንጂ መምህርት አይደለም፤ ሥልጠናዋ ከጥቂት ቀናት አያልፍም፤ ደመወዟም ከኅብረተሰቡ መዋጮ ወይም ትምህርት ቤቱ ካገኘው ድጎማ ተቆንጥሮ የሚሰጥ በመሆኑ በወቅቱ ላይከፈላት ይችላል። የተሻለ ሥራ ስታገኝ ትሄዳለች፤ ልጆቹም በዓመቱ አጋማሽ ሌላ ሰው ይጠብቃሉ። እንዲህ ባለ ሁኔታ የሚሠሩ ሴቶች ልጆቹን በፍቅር ይዘው ማቆየታቸው በራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ሌላም እምብዛም የማይነገር ነገር አለ። ዜሮ ክፍል የተዘጋጀው ለስድስት ዓመት ልጆች ቢሆንም የአራትና የአምስት ዓመት ልጆች ከታላላቆቻቸው ጋር ተከትለው ይመጣሉ። ባለሙያዎች ይህን እንደ ምዝገባ ስህተት ይቆጥሩታል። ከእናቶቹ አንጻር ስናየው ግን ነገሩ ይለያል። እናት ለአረም ወይም ለገበያ ስትወጣ ሕፃኑን የሚይዝላት ትሻለች፤ ትምህርት ቤቱ ካልተቀበለላት ደግሞ ሕፃኑን የምትጠብቀው የሦስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ታላቅ እህቱ ናት። ስለዚህ ትንሹን ልጅ ከደጅ መመለስ ብዙ ጊዜ ትልቋን ልጅ ከትምህርት ማስቀረት ይሆናል። የሕፃናት ማቆያን እንደ ቅንጦት የሚያይ ዕቅድ ይህን ሂሳብ አላስገባም።

ወደ ክፍሉ ሥራ ስንገባ ደግሞ ጉዳዩ ከፊደል ይጀምራል። የአማርኛ ፊደል እንደ ቆየው አቆጣጠር 33ቱ ዋና ፊደላት በሰባት ድምፅ ሲረቡ 231 ቅርጾች ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ በዚህ ላይ የሚጨመሩ ናቸው። ይህን የሚያህል ቅርጽ ለይቶ ማወቅ ለማንም ሕፃን ጊዜና ክትትል ይፈልጋል። ሰማንያ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ውስጥ መምህሩ በሰሌዳው ላይ ሀ ሁ ሂ ብሎ ይጽፋል፣ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ያዜማል። ኋላ የተቀመጠው ልጅም ያዜማል፤ ዜማውን ግን ከጆሮው እንጂ ከሰሌዳው አያነብም። ለብቻው ጠርታችሁ ሚ የምትለዋን ፊደል ብቻ ብታሳዩት ከመ ጀምሮ መ ሙ ሚ እያለ ቆጥሮ ይደርስባታል፤ ቀ ከሚለው ቤት መሆኗን ብትነግሩት ደግሞ ያለ ጥርጥር ቂ ይላችኋል። ይህ ልጅ ፊደል ቆጥሯል እንጂ ፊደል አልለየም።

የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ይህን ችግር ከጥንት ያውቁት ነበር። ሀሁን የጨረሰ ልጅ ወዲያው ወደ ንባብ አይሻገርም፤ መጀመሪያ አቡጊዳ ይገባል። አቡጊዳ ፊደላቱን ከለመዱት ተራ አውጥቶ አ ቡ ጊ ዳ እያለ በሰያፍ የሚያስኬድ በመሆኑ በዜማ የሸመደደ ልጅ እዚያ ላይ ይያዛል። የኔታም እያንዳንዱን ልጅ ለብቻ እያስቀረቡ፣ ልጁ ስንደዶውን ፊደሉ ላይ እያደረገ ሲያነብ ይሰሙታል። ያልያዘው ይመለሳል፣ የያዘው ያልፋል። ያ ሥርዓት ብዙ ጉድለት ነበረበት፤ ዱላው የሚረሳ አይደለም፣ ሴቶች ልጆችም በአብዛኛው ከደጁ ቀርተዋል። ነገር ግን እያንዳንዱን ልጅ ለብቻ መስማትና ሽምደዳን ከማንበብ መለየት የሚሉትን ሁለት ነገሮች ዘመናዊው ዜሮ ክፍልና አንደኛ ክፍል ጥለዋቸዋል። የዘመኑ የንባብ ምዘናም ፊደላትን አዘበራርቆ ለእያንዳንዱ ልጅ ለብቻ በማቅረብ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። በቁቤ በሚጻፈው አፋን ኦሮሞ የፊደላቱ ብዛት ቢያንስም፣ በሲዳምኛም ሆነ በሶማልኛ፣ ሳይለዩ አብሮ የማዜሙ ችግር ያው አንድ ነው።

ችግሩ በዚያው ዓመት ቢታወቅ ማቃናት ይቻል ነበር። ይሁንና ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ያለው ተማሪ በተከታታይ ምዘና እየታየ ወደሚቀጥለው ክፍል እንዲያልፍ የሚያደርገው አሠራር፣ በሐሳብ ደረጃ ልጁን ከመድገም ለማዳን የታቀደ ቢሆንም፣ በተግባር ምዘናው ሳይካሄድ ዝውውሩ ብቻ የቀረበት ቦታ ብዙ ነው። ማንበብ ያልቻለው ልጅ አራተኛ ክፍል ሲደርስ የኅብረተሰብና የአካባቢ ሳይንስ መጽሐፍ ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ ያለው እያንዳንዱ ትምህርት ማንበብን እንደ ተጠናቀቀ ነገር ይዞ የሚነሳ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብም እዚህ ላይ ነው። በአብዛኛው የመንግሥት ትምህርት ቤት የተሻለ ልምድና ማዕረግ ያለው መምህር ወደ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ይመደባል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ትምህርት ቤቱ በወረዳው ዘንድ የሚመዘነው ሚኒስትሪ ባሳለፋቸው ልጆች ብዛት ነው፤ አሁን ደግሞ የስድስተኛ ክፍል ፈተና ተጨምሮበታል። ዲፕሎማውን ወደ ዲግሪ ያሳደገ መምህር ወደ ላይኛው ክፍል፣ ከዚያም ወደ ሁለተኛ ደረጃ መሻገር ይፈልጋል፤ ደመወዙም ክብሩም ያለው እዚያ ነውና። በታችኛው ክፍል የሚቀሩት አዲስ ተቀጣሪው፣ የጤና እክል ያለበት ወይም ጡረታው የደረሰ መምህር፣ ከሁሉ በታች ደግሞ ያልሠለጠነችው አመቻች ናቸው። ከታች ያሉትን ሰዎች ለመንቀፍ አይደለም ይህን የምለው፤ ብዙዎቹ ከአቅማቸው በላይ ይሠራሉ። የማምነው ግን የምደባው ሥርዓት የተገለበጠ መሆኑን ነው። ቤቱ መጽሐፍ ያለው ልጅ መምህሩ ደካማ ቢሆን እናቱና አባቱ ያሟሉለታል። እናቱ ማንበብ የማትችል ልጅ ግን ከመምህሯ ሌላ ማንም የላትም። የተሻለው መምህር በስምንተኛ ክፍል ሲጠብቃት እሷ ስምንተኛ ክፍል አትደርስም።

መምህሩ ብቻውን ሁሉን ይፈታል ማለት አይደለም። የራበው ልጅ አያዳምጥም። አዲስ አበባ በ2012 የትምህርት ዘመን መግቢያ 300 ሺህ ለሚሆኑ ተማሪዎች ምገባ ከነደብተርና ዩኒፎርሙ ስትጀምር ብዙ መምህራን ያዩት ለውጥ ከመጽሐፍ የሚነበብ አልነበረም፤ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ጭንቅላቱን ዴስክ ላይ የሚደፋ ልጅ ቀነሰ፣ ጠዋት የሚቀረውም ቀነሰ። ምገባው በኋላ ከእጥፍ በላይ ሰፍቷል። ይህ አገልግሎት በገጠር ወረዳዎች፣ በተለይ ድርቅ በሚደጋገምባቸው አካባቢዎች፣ አሁንም በርዳታ እጅ ላይ የተንጠለጠለና ወጥነት የሌለው ነው።

ረሃቡ ከትምህርት ቤት በፊት የሚጀምር መሆኑ ደግሞ ነገሩን ያከብደዋል። ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት የመቀንጨር ችግር ያለባቸው በ1992 ዓ.ም. 58 በመቶ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 38 በመቶ፣ በ2011 ዓ.ም. 37 በመቶ ሆነዋል። መሻሻሉ እውነተኛ ነው፤ መቀንጨርን በ2022 ዓ.ም. ለማስቀረት በ2007 የተገባው የሰቆጣ ቃል ኪዳንም ጥሩ መነሻ ሆኗል። የመጨረሻዎቹ ዓመታት ግን ፍጥነቱ የቀነሰባቸው ናቸው። ቀንጭሮ ያደገ ሕፃን አካሉ ብቻ ሳይሆን የትኩረትና የመማር አቅሙም ስለሚጎዳ ዜሮ ክፍል ሲደርስ ጉዳቱን ይዞ ነው የሚመጣው።

እዚህ ላይ ከሩቅ አገር የመጣ አንድ ጥናት ለእኛ በጣም የቀረበ ነው። በጃማይካ መዲና በኪንግስተን ድሆች መንደሮች ከ1978 እስከ 1981 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት በተካሄደ ሥራ ከ9 እስከ 24 ወር ዕድሜ ያላቸው 129 የቀነጨሩ ሕፃናት ተመርጠው ነበር። ለአንዳንዶቹ የጤና ሠራተኞች በሳምንት አንድ ጊዜ ለአንድ ሰዓት ያህል ቤታቸው እየሄዱ እናቲቱ ከሕፃኗ ጋር እንዴት እንደምትጫወትና እንደምታወራ፣ ከወዳደቀ ዕቃ መጫወቻ እንዴት እንደምትሠራ ለሁለት ዓመት አሳዩ። ለሌሎቹ ተጨማሪ ምግብ ብቻ ተሰጠ። ከሃያ ዓመት በኋላ ሲታይ ጉብኝቱን ያገኙት ልጆች ካላገኙት እኩዮቻቸው ገቢያቸው በ25 በመቶ ይበልጥ ነበር። ምግብ ብቻ ያገኙት ግን በዘላቂነት የተለየ ውጤት አላሳዩም። ጉብኝቱን ያደረጉት ሐኪሞች ወይም የሥነ ልቦና ሊቃውንት ሳይሆኑ በየሠፈሩ የሚሠሩ መለስተኛ የጤና ሠራተኞች ናቸው።

ኢትዮጵያ እንዲህ ያሉ ሠራተኞችን ከብዙ የአፍሪካ አገሮች ቀድማ ያሠለጠነች አገር ናት። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተሠማሩት ከ30 ሺህ በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ስለ ክትባት፣ ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ስለ መፀዳጃ ቤት ሲመክሩ በየቤቱ ገብተው ያውቃሉ። ሥራቸው እጅግ የበዛ መሆኑ ይታወቃል፤ ለሕፃኑ ማውራትና ከሕፃኑ ጋር መጫወት ምን እንደሚጠቅም ለእናትና ለአባት ማሳየት ግን ለዚህ ከተዘጋጀ ሰው ጋር ተከፋፍለው ሊሠሩት የሚችሉት ነው። አዲስ አበባ በቅርብ ዓመታት 330 ሺህ የሚሆኑ የዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ሕፃናትን ለመድረስ የጀመረችው፣ የወላጅ አማካሪዎችን ቤት ለቤት የሚልከው የቀዳማይ ልጅነት ፕሮግራም በዚህ አቅጣጫ የተወሰደ እርምጃ ነው። ከተማዋ ያላት በጀት ለሌሎች ክልሎች የሌለ መሆኑን መርሳት አይገባም፤ ሥራው የበለጠ የሚያስፈልገው ደግሞ እዚያ ነው።

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በትግራይ፣ ከዚያም በአማራና በሌሎች አካባቢዎች የተከሰተው ጦርነት በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ልጆችን ከትምህርት ገበታ አርቋል። የአሜሪካው የተራድኦ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ መዘጋቱም በሰባት ቋንቋዎች የንባብ መጻሕፍት እንዲዘጋጁ ሲደግፍ የነበረውን አንድ ምንጭ አድርቆታል። ትምህርት ተቋርጦባቸው የሰባት ዓመት መግቢያቸው ያለፋቸው ልጆች ሲመለሱ ወደ ዜሮ ክፍል ቢላኩ ያፍራሉ፤ ወደ አንደኛ ክፍል ቢገቡ አይከተሉም። ለእነርሱ በቤንሻንጉል ጉሙዝና በሌሎች ክልሎች የተሞከረው፣ በክረምት ወይም በአንደኛ ክፍል የመጀመሪያ ሁለት ወራት የሚሰጠው የተፋጠነ የዝግጅት ትምህርት አንዱ መፍትሔ ነው። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እርሳስ መያዝን፣ ድምፅ መለየትንና በቡድን መጫወትን ያስተምራል፤ አዲስ ሕንፃም አይፈልግም።

አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ቅድመ አንደኛን ወደ ሁለት ዓመት ከፍ አድርጎታል። ዓላማው ተገቢ ነው። የሚያሰጋኝ ግን አንዱ ዓመት በቅጡ ሳይደራጅ ሁለተኛው ሲታከልበት ያው አንዲት አመቻች፣ ያው አንድ ክፍል ለእጥፍ ልጆች መከፋፈሉ ነው። ክልሎች በጀታቸው ካልበቃ ሁለተኛውን ዓመት ሁሉም ዘንድ በአንድ ጊዜ ከመክፈት ይልቅ ከቀበሌ ሁሉ ድኃ በሆኑት፣ ኬጂ የሚባል ነገር ባልታየባቸው ቀበሌዎች ቢጀምሩ ይሻላል። «ትምህርት ለትውልድ» በሚል ከኅብረተሰቡ የሚሰበሰበው ገንዘብና ጉልበትም በየወረዳው ቅድሚያ የሚያድሰው ክፍል የዜሮ ክፍል ቢሆን፣ አመቻቿም በመንግሥት ደመወዝ መዝገብ ውስጥ ብትገባ፣ ልጆቹን የሚይዘው ሰው ከዓመት ዓመት አይቀያየርም።

ከሁሉ በፊት ሊሠራ የሚችለው ግን የምደባው ጉዳይ ነው። መምህራን ለቀጣዩ ዓመት የሚመደቡት በነሐሴ መጨረሻና በጳጉሜን ነው። ርዕሰ መምህሩ የምደባ ሠንጠረዡን ይዞ ሲቀመጥ በተለምዶ ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ ወደ ታች ይሞላል፤ አንደኛ ክፍልና ዜሮ ክፍል ጋ ሲደርስ የቀሩት ስሞች ጥቂት ናቸው። ወረዳዎች ሠንጠረዡ ከታች ወደ ላይ እንዲሞላ ቢያዝዙ፣ በንባብ ማስተማር የተሳካለት መምህርም ክፍሉን ሳይለቅ በደረጃ ዕድገት መሰላል ላይ እንዲወጣ ቢፈቅዱ፣ ትምህርት ቤቱንም ሚኒስትሪ ባሳለፈው ልጅ ብቻ ሳይሆን በሁለተኛ ክፍል መጨረሻ አንዲት አንቀጽ ማንበብ በቻለው ልጅ ብዛት ጭምር ቢመዝኑት፣ ከባሕር ዳር ውጭ ያለችው ያቺ ልጅ በኅዳር ወር ከኋላ ስትቀመጥ ዝምታዋን የሚያስተውል ሰው ፊት ለፊቷ ይኖራል።